የእንግዳው በቆሎ

ግንቦት ሊወጣ ሲል የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ልጄ ትዕግሥት ከመስክ ተመልሳ ጭቃ የዋጠውን ጫማዋን በረንዳው ላይ ጣለችና ሱሪዋን እንደጠቀለለች አጠገቤ ዘፍ አለች። ምስር እየለቀምሁ ነበር። ግብርና ተምራ ከተመረቀች ገና ዓመት አልሞላትም። አዲስ ዘር የሚሞክር መሥሪያ ቤት ገብታ፣ ጣና ዳር ካሉ ገበሬዎች ጋር ትውላለች። ዘንድሮ ደግሞ ደቅ ደሴት ላይ ሠርቶ ማሳያ ዝሪ ተብላለች። ሠርቶ ማሳያ የሚሉት፣ ገበሬው በዓይኑ አይቶ ይመን ተብሎ በገዛ መሬቱ ላይ የሚዘራውን የሙከራ እርሻ ነው።

«እንዴት ነው ሰዉ?» አልኋት።

«እማዬ፣ ገበሬዎቹ እንዴት እንደሚወዱኝ ብታዪ! አንዷ እናት ‹አንቺማ የኔ ልጅ ነሽ፣ አናሳፍርሽም› አለችኝ።»

እጄ ምስሩ ላይ ቀረ። ሌላ እናት ብትሆን እልል ትል ነበር። እኔ ግን ፈራሁ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። በርዶኝ ነው።»

በግንቦት፣ ባሕር ዳር ላይ፣ ብርድ! ሳቀችብኝና ልትታጠብ ተነሣች። እኔ ግን ምስሩን ትቼ ወደ ልጅነቴ ሄድሁ። «አናሳፍርሽም» የምትለዋን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። ከእናቴ አፍ ነው የሰማኋት።

የተወለድሁት መሸንቲን ወደ ጐን ትቶ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ ካለች መንደር ነው። በክረምት መረሬው አፈር እግር ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ይሰነጠቅና የጥጃ እግር ይሰብራል። ዳጉሳና በቆሎ ይበቅላል፤ ከሐይቁም ዓሣ ይመጣል። ዘመኑ የደርግ ነበር። ሁሉም ሰው «ጓድ» ነበር፤ ስብሰባ ላይ ግራ እጅ ይነሣል፤ ከመከሩ ላይም ኮታ የሚሉት አለ። ኮታ ማለት ገበሬው ለመንግሥት፣ መንግሥት በቈረጠው ርካሽ ዋጋ፣ በግድ የሚያስረክበው እህል ነው። ከባድ ነበር፤ ግን በዚያን ጊዜ ገና ይቻል ነበር። ካስረከብን በኋላ የምንበላው ይተርፈን ነበር።

አባቴ ይርሳው ሁለት በሬዎች ነበሩት፤ ቦራና ዳልቻ። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ መሸንቲ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ባሕር ዳር ያለችው አክስቴ ደግሞ በየበዓሉ እየመጣች «ልጅቱን ስጡኝ፤ ልጆቼን ትያዝልኝ፤ የናንተም አፍ ይቀንስ» ትል ነበር። ልጅ መያዝ ትበለው እንጂ ግርድና ነው። አባቴ ሁልጊዜ የሚመልስላት አንድ መልስ ነበረች፦

«ቦራና ዳልቻ አብረው እስከተጠመዱ ድረስ እሷ ትማራለች። አንዱ የጐደለ ቀን ያኔ ትወስጃታለሽ።»

ስለዚህ እኔ ለነዚያ በሬዎች የማደርገውን ለታናናሾቼ አላደርግም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው በረቱን ነው። ቦራ ካሳለ ልቤ ይመታል። ሌላው ልጅ አባቱ እንዳይሞት ይጸልያል፤ እኔ በሬ እንዳይሞት እጸልይ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አባቴን ከበሬው አስቀድሜ የጸለይሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ታምራት የመጣው በዚያ ዓመት፣ በግንቦት ነው። የግብርና ሠራተኛ ነው፤ አገሩ ወዲያ ሐረርጌ። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ሲናገር አዲስ አበቤ የሚመስል። የዳጉሳ እንጀራ ሲያይ «ይሄ አርሮ ነው?» ብሎ ጠይቆ እናቴን እስኪያንቃት ድረስ ያሳቃት ነው። የገበሬ ማኅበሩ የኛን አጥር ተጠግታ ያለች ጎጆ ሰጠው፤ ሠርቶ ማሳያውም ከአባቴ መሬት ላይ ቃዳ፣ ማለት ሩብ ሄክታር እንኳ፣ የማትሞላ ቁራጭ ሆነች። ዘሩ ምርጥ ዘር የሚባል ነጭ በቆሎ ነበር። ገመድ ወጥሮ፣ በመስመር፣ እንደ ሰልፈኛ አስተካክሎ ዘራው። የሚበላው ከኛ ቤት ነበር። ማታ ማታ ደብተሬን ተቀብሎ ያይና «አንቺ ግብርና ኮሌጅ ነው የምትገቢው» ይለኛል። አባቴም «ሰማሽ?» ይላል። እኔ በደስታ የምገባበት አጣለሁ።

ከዚያ ሰኔ ላይ ዝናቡ ጠፋ። ማዳበሪያውም በሰዓቱ አልመጣም፤ የመጣውም ግማሹ ረጥቦ የደነደነ ነበር። የታምራት በቆሎ ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። ልጁ ማሳው ዳር ቁጢጥ ብሎ ይውላል፤ እናቴ ምሳ ስትልክለት ሳይነካው ይመልሳል። «መከር ሳይደርስ ለጉብኝት ይመጣሉ፤ ምን ላሳያቸው ነው?» አለ አንድ ቀን፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ሐምሌ እንደገባ ደግሞ ለፖለቲካ ትምህርት ባሕር ዳር ተጠርቶ ሄደ። ለሳምንታት አልተመለሰም።

የመጣው ሁሉ የመጣው እሱ በሌለበት ነው።

ባገራችን በበዓል ቀን የራስን መሬት መንካት በረዶ ያወርዳል ይባላል። ነገር ግን በዚያው ቀን የመበለት፣ የድውይ፣ ወገን የሌለው ሰው ማሳ ላይ መዋል ጽድቅ ነው። በጊዮርጊስ ቀን ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የማንን ማሳ እንርዳ ሲባባል እናቴ ድንገት አፏን ከፈተች፦

«የግብርናውን ልጅ ማሳስ?»

«ኧረ በይ! መንግሥት ደመወዝ የሚቈርጥለት ሰው ድውይ ነው?» አላት ጎረቤታችን አያ ምትኩ።

«መበለት ማለት ማንም የሌላት ማለት አይደለም? ይህ ልጅስ እዚህ ማን አለው? አለቆቹ መጥተው ባገራችን፣ በዓይናችን ፊት ሲያዋርዱት ልናይ ነው? አናሳፍረውም!»

«እንግዲህ ጢም ያላት መበለት አገኘን በሉኛ!» አለ አያ ምትኩ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሲስቅ ግን ተስማማ።

የነፍስ አባታችን ተጠየቁ። አባ ጢማቸውን ይዘው አሰቡና «መሬት አትቁረጡ። አረሙን በእጅ ንቀሉ፤ ፍግም ከላይ አኑሩ» አሉ። ስለዚህ እንዲያ ሆነ። እያንዳንዱ ቤት ለጓሮው ብሎ ዓመት ሙሉ ያከማቸውን ፍግ በቅርጫት እየተሸከመ ወጣ። ሴቱ በጭንቅላቱ፣ ወንዱ በትከሻው። እኔም ተሸክሜአለሁ፤ የፍጉ ውኃ በአንገቴ እየወረደ፣ እየሳቅሁ። በሚካኤልም ቀን ተመለስን፤ በማርያምም። የመንደሩ ጓሮ ሁሉ ተራቁቶ አንዲት ቁራጭ መሬት ጠገበች። ዝናቡም ተመለሰ።

ለልጁ የነገረው ሰው የለም። ደግ ሥራ ለተሠራለት ሰው አይነገርም፤ ከተነገረ ዋጋው እዚያው ያልቃል። ይህም ወግ ነው። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ወግ የሚያውቁ ሰዎች ብቻ የሚሠሩት ስሕተት ነበር።

ታምራት በነሐሴ መጨረሻ ተመለሰ። ማሳውን ከሩቅ ሲያየው ሻንጣውን መንገድ ላይ ጥሎ ሮጠ። በቆሎው ከሰው በላይ ሆኗል፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ አገዳው የሕፃን ክንድ ያህላል። እየሮጠ ቤታችን ገብቶ አባቴን አቀፈው።

«አያ ይርሳው! ዘሩን አዩት? ማዳበሪያውን አዩት? እኔ አላልኩዎትም?»

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ አባቴን አየች።

«አየነ ልጄ» አለች እናቴ። «እግዜር ይመስገን። በል ብላ።»

ያን ዕለት የበላውን ያህል በልቶ አያውቅም። እኛም ደስታ አፈነን። እንደዚያ ያለ ደስታ ዳግመኛ አላየሁም። የሰው ልጅ የሰጠውን ደብቆ፣ የተቀበለው ሲፈነድቅ ማየት እንዴት ይጣፍጣል!

መስከረም ላይ ከአውራጃ እንግዶች በላንድሮቨር መጡ። መፈክር ተባለ፣ ግራ እጅ ተነሣ። እናቴ እሸት ጠበሰች፤ የዓሣ ወጥ ሠራች። ከሁሉም በላይ የሚመስሉት፣ ካኪ የለበሱ ወፍራም ሰውዬ አንድ እሸት ገሽልጠው ግራ ቀኝ አገላበጡት።

«ይህ መሬት ይህን ያህል ከሰጠ ገበሬው እስካሁን ሲደብቅ ነው የኖረው ማለት ነዋ!» አሉ እየሳቁ። ከዚያ ወደ ታምራት ዞሩ። «ጓድ፣ በማኅበሩ መሬት ሁሉ ልክ ስንት እንደሚሆን አስላልኝ።»

ታምራት እዚያው ጉልበቱ ላይ አሰላ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። ሰዉም አጨበጨበ፤ አባቴም አጨበጨበ። ለልጁ ነበር ያጨበጨበው።

አዲሱ ኮታ የተነገረን በጥቅምት ነው። ከዱሮው እጥፍ አልፏል። በዚች በጠገበች ቁራጭ ልክ ነበር ሁሉንም የለኩት። የሌላው ሰው ማሳ ግን ፍግ አጥቶ፣ ሰኔም ቀጥቶት፣ ከወትሮው ያነሰ ነበር። ኮታውን ያላሟላ ይታሰራል፤ ከማኅበሩ ሱቅ ጨውና ሳሙና አያገኝም። አባቴ ኮታው ሲነበብ ሰምቶ ወደ ቤት ሲመጣ በመጀመሪያ የሄደው ወደ በረቱ ነው። ቦራን አንገቱን ሲያሻሸው በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ኮታውን ለመሙላት ቦራ እንደሚሸጥ ያኔ ገባኝ።

በዚያው ምሽት ታምራትን ጠርቶ ሁሉንም ነገረው። ልጁ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«ፍግ? የመንደሩ ሁሉ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ደግ ነገር ይነገራል እንዴ?» አለች እናቴ፣ ከልቧ ገርሟት።

«እኔ እኮ ሪፖርት ልኬያለሁ! ወደ ላይ ሄዷል! አሁን ተሳስቻለሁ ብል… አሻጥር ነው የሚሉት። እናንተ አታውቁም፤ በአሻጥር ሰው ጠፍቷል።»

«ልጄ» አለ አባቴ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔ አንተን ጥፋ አላልሁህም። ያየኸውን እህል ምን እንዳበቀለው ብቻ ንገርልን። ቦራ ከሄደ ይህች ልጅ ከትምህርት ቤት ትወጣለች። አንተ ራስህ ኮሌጅ ትገባለች ያልሃት ናት።»

ታምራት አየኝ።

«እነግራቸዋለሁ» አለ። «በእናቴ እምላለሁ፣ ስብሰባው ላይ እነግራቸዋለሁ።»

እናቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛት።

ስብሰባው በማኅበሩ መጋዘን ፊት ነበር። ሴትና ልጅ ከኋላ ቆመናል። ካኪ የለበሱት ሰውዬ መጥተዋል፤ ታምራት ከጎናቸው ተቀምጧል። ስለ ኮታው ተናግረው ሲጨርሱ አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

«ጓዶች፣ የዚያ በቆሎ ነገር ሳይገለጥ እንዳይታለፍ ብዬ ነው። ያ በቆሎ የመንደሩን ሁሉ ፍግ የበላ ነው። የየቤታችንን ጓሮ ሂዱና እዩት፤ ዘንድሮ ባዶ ነው።»

«ፍግ? ማን አድርጉ አላችሁ?»

«ማንም። ልጁ እንዳያፍር ብለን፣ በበዓል ቀን፣ እንደ መበለት ማሳ ቈጥረን…»

ከኋላ ጥቂት ሰው ሳቀ። ሰውዬው አልሳቁም።

«በመንግሥት ዘርና ማዳበሪያ የተገኘውን ውጤት ለእበት ልትሰጠው ነው? በጊዮርጊስና በሚካኤል? ኮታ ለመሸሽ ብዙ ተረት ሰምቻለሁ፤ ይህ ግን አዲስ ነው።» ዞሩ። «ጓድ ታምራት፣ ፍግ ሲደረግ አይተሃል?»

ታምራት ብድግ አለ። እኔ ከሴቶቹ መሀል በእግሬ ጣት ቆሜ አየዋለሁ። ጫማውን ነበር የሚያየው።

«እኔ አላየሁም» አለ።

እውነቱን ነው። አላየም። ባሕር ዳር ነበር። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው፤ ቢዋሽ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ውሸታምን ረግሞ መተው ይቻላል። እሱ ግን ከእውነት ላይ ለራሱ የምትበቃውን ቁራጭ ቈርጦ ወሰደና ሌላውን ለኛ ተወልን።

«ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። አባቴን ግን ወደ መጋዘኑ አስገቡት፤ ተረት ማውራት እስኪተው ተብሎ እዚያ ሰነበተ። የሚገርመው፣ ያን ዕለት እናቴ እንባዋን ጠርጋ የታምራትን እራት አዘጋጀች።

«ለእሱ? ዛሬም?» አልኋት።

«ታዲያ እንግዳ አይደለም?» አለችኝ። ሳህኑን እንድወስድለት ሰጠችኝ። ደጃፉ ላይ አስቀምጬለት ተመለስሁ። ጠዋት ሳየው እንደተቀመጠ ነበር፤ ጉንዳን ወርሶታል።

አባቴ ሲፈታ ቦራን መሸንቲ ገበያ ነድቶ ሸጠው። በዚያው ገንዘብ፣ በዚያው ገበያ፣ ከነጋዴ በቆሎ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ አስረከበ። ጎረቤቱም እንዲሁ አደረገ፤ ያለው ፍየሉን፣ ሌላው የሚስቱን አልቦ እየሸጠ። ገበያው በዚያ ሳምንት የሚሸጥ ከብት ሞልቶት፣ ዋጋው እንደ ቆሎ ወርዶ ነበር። ሰዉም ለታምራት ያልደፈረውን ለእናቴ ደፈረ። ውኃ ስትቀዳ «እንዴት ነች መበለትሽ? ጢሟ አደገላት?» ይሏታል። ከዚያ ዓመት በኋላ በበዓል ቀን የሰው ማሳ ለመርዳት ስትሄድ አላየኋትም። አገሩም ልማዱን ቀስ በቀስ ተወው መሰለኝ። በሬ ይተካል፤ ይህ ግን እስከማውቀው አልተተካም።

አክስቴ ልትወስደኝ መጣች። መንገድ ላይ፣ አስፋልቱ ልንደርስ ስንል ታምራት በቢስክሌት ከፊታችን መጣ። ወረደ። እኔ ያለችኝን ልብስ በነጠላ ቋጥሬ ይዣለሁ።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«ባሕር ዳር።»

«ትምህርትሽስ?»

ቋጠሮዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝሁ። አክስቴ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ «ምን ትገተሪያለሽ፣ ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ መልሺ እንጂ!» ብላ ጎሸመችኝ። እኔም እንዳሳደጉኝ ጎንበስ ብዬ «ደህና ይዋሉ» አልሁት። ብዙ ነገር ተቆጭቼ ትቼዋለሁ፤ ያች ሰላምታ ግን እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ባልሰጠሁት ኖሮ ቢያንስ አንድ ነገር ተርፎኝ ነበር።

ኋላ፣ ዕድገት አግኝቶ ሌላ አውራጃ ሄደ የሚል ሰማሁ። ታስሮ ነበር ያለም አለ። የትኛው እውነት እንደሆነ አላጣራሁም። አባቴ ዳልቻን ከሰው በሬ ጋር እያቀናጀ አረሰ፤ እስኪሞት ድረስ ምርጥ ዘር የሚባል ነገር ደጁ አላስደረሰም። ዘሩ ምን አደረገ? ዘሩማ ጥሩ ዘር ነበር። እኔ በሰው ቤት ሳህን ሳጥብ አደግሁ፤ አገባሁ፤ ወለድሁ። ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ባለችው ቤታችን ልጆቼን ያሳደግኋቸው በአንድ ቃል ነው፦ ዝም በሉ። መምህር ቢበድል ዝም በሉ፤ ቀበሌ ቢያመላልስ ዝም በሉ። ሰው ተነሥቶ ሲናገር መጋዘን ሲገባ ያየች ልጅ እናት ስትሆን ሌላ ምን ታስተምራለች?

ትዕግሥት ታጥባ ስትመለስ ይህን ሁሉ ነገርኋት። ከዚህ በፊት ነግሬያት አላውቅም። ፎጣውን ጭንቅላቷ ላይ እንደጠመጠመች ቁጭ ብላ ሰማችኝ።

«እማዬ፣ ዛሬ እኮ ኮታ የለም» አለች በመጨረሻ።

«ኮታ የለም። አለቃ ግን አለ። ሪፖርት አለ። አንድ ቀን ካንቺ በላይ ያለው ሰው ደስ የሚለውን ቁጥር ይዞ ‹እውነት ነው አይደል?› ይልሻል። ገበሬዎቹ ደግሞ ከኋላ ቆመው ያዩሻል።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

ይህን ስትጠይቀኝ ነው ፍርሃቴን ለይቼ ያወቅሁት። ገበሬዎቹ እንዳይጎዱ ነው የፈራሁት ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው፤ የፈራሁት ለልጄ ነው። የታምራትም እናት ሐረርጌ ተቀምጣ ልጇ በደህና እንዲመለስላት ትጸልይ ነበር፤ ያን ቀን «ምን ልበል?» ብሎ ቢጠይቃት የምትለውን አውቃለሁ። ለኔም ያው ‹ዝም በይ› አፌ ላይ ነበር። ሳስበው ግን የእናቴ ፊት መጣብኝ፤ ያን ቀን ስብሰባው ላይ ሴቶቹ መሀል ቆማ አፏን በነጠላዋ ስትይዝ።

«ተናገሪ» አልኋት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። በሕይወቷ ሙሉ ከኔ ያልሰማችው ቃል ነው።

ሰኞ ጠዋት ወደብ ድረስ ሸኘኋት። ዘሩን በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው ጀልባው ላይ ጫኑት፤ እሷም ላዩ ላይ ተቀምጣ እጇን አወዛወዘችልኝ። ሐይቁ ረግቶ ነበር። ጀልባው ሄዶ ሄዶ ነጥብ እስኪያህል እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰው ያየኝ እንደሆነ መንገዷን ቀና አድርግላት እያልሁ የምጸልይ ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ያን ‹ተናገሪ› ያልሁትን ቃል ምነው ባልሰማችኝ፣ ምነው በረሳችው እያልሁ ነበር።